አጥሩ የት ጋ ነበር?

ጆርጅ ሆል የሚባል የፊላደልፊያ የቤዝቦል ተጫዋች በ1876 ናሽናል ሊግ በሚባለው የአሜሪካ ሊግ ብዙ ሆም ራን በመምታት አንደኛ ወጣ። የመታው 5 ነው። አዎ አምስት፣ በሙሉ ሲዝን። የስምንቱ ቡድኖች በሙሉ ቢደመር 40 ነበር፣ በቀጣዩ አመት ደሞ ቡድኖቹ ስድስት ሆኑና ድምሩ ወደ 24 ወረደ፣ ዛሬ ይሄን ያህል አንድ ደህና መቺ ብቻውን በአንድ ሲዝን ይመታዋል። (እዚህ ጽሁፍ ላይ ያሉት አመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይሄን ለሰው ስነግር የሚመለስልኝ መልስ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ "ያኔ እኮ ጨዋታው ገና ጅማሮ ላይ ነበር፣ ሰዎቹም ጉልበት አልነበራቸውም" ይሉኛል። ጉልበትማ ነበራቸው! ሮጀር ኮነርን ብቻ ውሰዱ፣ ቁመቱ 190 ሴንቲሜትር ክብደቱ 100 ኪሎ አካባቢ የነበረ ሰው ነው፣ ዛሬም ማንኛውም ቡድን በደስታ የሚቀበለው ቁመና። ሰዎቹ ጠንካሮች ነበሩ ግን ኳሷም ሜዳውም ህጉም ያንን ጉልበት ወደ ሆም ራን እንዲቀይሩት አያግዟቸውም ነበር፣ መዝገብ የሚይዙት ሰዎችም ለሆም ራን ብዙ ቦታ አልሰጡትም። እኔ የድሮ የቤዝቦል ሰንጠረዥ ማንበብ በጣም ነው የምወደው፣ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ብዙዎቻችን ሀበሾች ለዚህ ጨዋታ ባዳ እንደሆንን አውቃለሁ፣ ልጆቻችን ግን ትምህርት ቤት እየተጫወቱት ስለሆነ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ አብረን ብናይ ደስ ይለኛል።

ለማታዩት ባጭሩ፣ ፒቸሩ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ ከዛ በአራት ማእዘን የተቀመጡትን ቤዞች እየረገጠ ይሮጣል። አንድ ቤዝ ከደረሰ ሲንግል፣ ሁለት ከደረሰ ደብል፣ ሶስት ከደረሰ ትሪፕል፣ ዞሮ ከገባ ሆም ራን ነው። አሁን ሆም ራን ሲባል ኳሷ አጥር ዘላ ህዝቡ መሀል ስትወድቅ ነው የሚታየን። ያኔ ግን ብዙ ጊዜ ኳሷ አጥር አታልፍም፣ መቺው ከኋላ የቆሙትን ተከላካዮች አሳልፎ ይመታና እነሱ አሳደው አንስተው እስኪመልሷት ድረስ 360 ጫማ ማለትም 110 ሜትር ገደማ ባለ በሌለ ሀይሉ ሮጦ ይገባል። አንዳንዱ ሜዳ ደሞ ከኋላው በጣም ሰፊ ነበር፣ ቦስተን የነበረው የሀንቲንግተን አቬኑ ሜዳ መሀሉ ከ500 ጫማ በላይ ይርቅ ነበር፣ ከ150 ሜትር በላይ ማለት ነው፣ እንደዛ አይነት ቦታ አጥር ዘለለ አልዘለለ የሚባል ነገር የለም። ታይ ኮብ በ1909 በሌላኛው ትልቅ ሊግ፣ በአሜሪካን ሊግ፣ በሆም ራን አንደኛ ሲወጣ የመታው 9 ነው፣ ዘጠኙም አጥር ያላለፉ። ከሱ በፊት በ1902 ቶሚ ሊች ናሽናል ሊግን በ6 ሆም ራን መርቷል፣ የሱም ስድስቱም በሩጫ የገቡ ናቸው።

ስለዚህ የዛን ዘመን ጉልበት ለካ ብትሉኝ እኔ ከሆም ራን ይልቅ ትሪፕሉን ነው የማየው። ሳም ክሮፎርድ በጠቅላላው 309 ትሪፕል አለው፣ ይሄ ሪከርድ መቼም የሚሰበር አይመስለኝም። ኦወን ዊልሰን በ1912 ለፒትስበርግ ሲጫወት በአንድ ሲዝን ብቻ 36 መቷል። እነዚህ ሰዎች ኳሷን አርቀው ይመቷት ነበር፣ የሄደችበት ቦታ ላይ ግን አጥር አልነበረም፣ ወይም ያለው አጥር በጣም ሩቅ ነበር፣ ስለዚህ ዛሬ ሆም ራን የሚሆነው ምት ያኔ ትሪፕል ሆኖ ተመዘገበ።

ኳሷስ? አንድ ኳስ ቢቻል ሙሉ ጨዋታውን ትጨርሳለች፣ ህዝብ መሀል ብትገባ እንኳን ትመለሳለች፣ ፒቸሮቹ ይተፉባታል፣ በትምባሆ ያጠቁሯታል፣ መሬት ላይ ያሿታል፣ ወደ ጨዋታው መጨረሻ ስትደርስ ለስልሳ ቅርጿ ጠፍቶ ጠቁራ ሲመሽ ደሞ በደንብ አትታይም። ከውስጧ ያለው ጎማ ነበር፣ በ1910 ገደማ ነው በቡሽ የተተካው፣ ወዲያው በ1911 ፍራንክ ሹልቴ 21 ሆም ራን መታ፣ ከ1899 በኋላ 20 ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የሰውየው ክንድ በአንድ ክረምት አልተቀየረም፣ የተቀየረው የኳሷ ሆድ ነው።

አሁን ወደ ቆጣሪዎቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ክፍል ነው እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ። የቤዝቦልን የቁጥር ስርአት ከመሰረቱት ውስጥ ዋናው ሄንሪ ቻድዊክ ነው፣ እንግሊዝ ተወልዶ ኒውዮርክ ያደገ ጋዜጠኛ፣ የጨዋታውን ውጤት በትንሽ ሰንጠረዥ ጋዜጣ ላይ የማውጣት ልማድን ያስፋፋ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ያለሱ ዛሬ የምንነጋገርበት ቁጥር ራሱ አይኖርም ነበር። ግን ቻድዊክ ሆም ራን አይወድም ነበር። ለሱ ጥሩ መቺ ማለት ኳሷን አስልቶ ክፍት ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ጓደኛውን ወደ ፊት የሚያራምድ ነው፣ ሆም ራን የሚመታው ሰው ደሞ ያንን ሁሉ ርቀት ሮጦ ስለሚደክም ለቡድኑ ያን ያህል አይጠቅምም ብሎ ይከራከር ነበር። የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ምን ሆነ፣ ባቲንግ አቨሬጅ የሚባለው ነገር ዙፋን ላይ ወጣ። ባቲንግ አቨሬጅ ስንት ጊዜ ዱላ ይዘህ ቆመህ ስንቱን መታህ ነው፣ በቃ፣ ሲንግል ይሁን ሆም ራን አይለይም፣ ሁሉም አንድ ምት ነው። በዛ ሚዛን የ1876 ምርጡ መቺ የቺካጎው ሮስ ባርንስ ነው፣ አቨሬጁ 0.429፣ የሊጉን የመጀመሪያ ሆም ራን የመታውም እሱ ነው፣ ግንቦት 2 ቀን። በዛ ሲዝን ከዛች ሌላ ሆም ራን የለውም። የባርንስ ጥበብ ኳሷን መጀመሪያ መስመር ውስጥ አስነጥሮ ከዛ ወደ ውጪ እንድትሽከረከር ማድረግ ነበር፣ ያኔ ህጉ ይፈቅድ ስለነበር ተከላካዩ ውጪ ድረስ ሄዶ እስኪያነሳት ባርንስ ቤዝ ላይ ቆሟል። ለ1877 ህጉ ተቀየረ፣ እሱም በዛው አመት ታመመ፣ ወደዛ ከፍታ ተመልሶ አልወጣም።

ህግ ሲቀየር ቁጥር እንዴት እንደሚገለባበጥ ግን ከኔድ ዊሊያምሰን የተሻለ ማሳያ የለም፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

ዊሊያምሰን ለቺካጎ ዋይት ስቶኪንግስ ነበር የሚጫወተው፣ ሜዳቸው ሌክፍሮንት ፓርክ ይባላል፣ ከተማው መሀል ሀይቁ ዳር የተጨናነቀ ቦታ ላይ። በግራ በኩል አጥሩ 180 ጫማ ብቻ ነው የሚርቀው፣ 55 ሜትር፣ በቀኝ 196 ጫማ፣ 60 ሜትር ገደማ። የእግር ኳስ ሜዳ ወርዱ ራሱ ከዚህ ይበልጣል። ዛሬ እዚህ ዋሽንግተን በናሽናልስ ፓርክ በሁለቱም ጫፍ ከ330 ጫማ በላይ ነው፣ 100 ሜትር። ቺካጎዎች ራሳቸው ይሄ አጥር ቀልድ እንደሆነ ስለገባቸው በ1883 አጥሩን ያለፈች ኳስ ደብል ብቻ ተብላ ነው የምትቆጠረው ብለው ወሰኑ። ዊሊያምሰን በዛ አመት 49 ደብል መታ፣ የሊጉ አንደኛ፣ ሆም ራኑ 2 ብቻ። በ1884 ይሄ ውሳኔ ተነሳ፣ አጥር ያለፈች ሁሉ ሆም ራን ሆነች። የሰውየው ደብል ወደ 18 ወረደ፣ ሆም ራኑ ወደ 27 ወጣ።

ደምሩት እስቲ። በ1883 ደብልና ሆም ራን አንድ ላይ 51፣ በ1884 አንድ ላይ 45። ሰውየው እንዲያውም ትንሽ ቀንሷል! ግን የ1883ቱን ማንም አያስታውሰውም፣ የ1884ቱ 27 ሆም ራን ለ35 አመት የአሜሪካ ሪከርድ ሆኖ ቆየ። ከ27ቱ 25ቱ እዛው ሌክፍሮንት ፓርክ የተመቱ ናቸው፣ ሌላ ከተማ ሄዶ የመታው 2 ብቻ ነው። የቡድን ጓደኞቹንም እዩ፣ ፍሬድ ፌፈር 25፣ አብነር ዳልሪምፕል 22፣ ካፕ አንሰን 21፣ ቡድኑ በጠቅላላው 142፣ የቡድኑን ቁጥር እስከ 1927ቱ የኒውዮርክ ቡድን ያንኪስ ድረስ ያለፈው የለም። በ1885 ቡድኑ ሜዳ ቀየረ፣ ዊሊያምሰን 3 ሆም ራን መታ።

ይሄን ሳነብ በዊሊያምሰን ላይ አልተናደድኩም፣ እሱ ያጭበረበረው ነገር የለም፣ የተሰጠውን አጥር ነው የመታው፣ እንደውም በሜይ 1884 በአንድ ጨዋታ ሶስት ሆም ራን በመምታት በሊጉ የመጀመሪያው ሆኗል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በጣም ጥሩ የሜዳ ተከላካይም ነበር፣ በ36 አመቱ ነው የሞተው። የሚያሳዝነኝ ስሙ በህይወቱ ምርጥ ባልሆነ ነገር መያያዙ ነው። እኛ ደሞ ይሄ ነገር በደንብ ይገባናል፣ በ2011 ቦስተን ማራቶን ላይ ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ 2፡03፡02 ሲገባ ከዛ በፊት ማንም በዛ ፍጥነት ማራቶን ሮጦ አያውቅም፣ ግን መንገዱ ቁልቁለት ስላለውና መነሻውና መድረሻው ስለሚራራቅ የአለም ሪከርድ ተብሎ አልተመዘገበም፣ ሩጫ ወዳድ ሀበሻ ሁሉ ይሄን ክርክር ሻይ እየጠጣ ተከራክሯል። የቤዝቦል መዝገብ ላይ ግን እንደዚህ አይነት ማጣሪያ የለም። በ55 ሜትሩም በ150 ሜትሩም አጥር የተመታው እኩል አንድ ሆም ራን ሆኖ ተቆጥሯል።

አሁን ከዊሊያምሰን አጠገብ ሮጀር ኮነርን አስቀምጡት። ኮነር ዋተርበሪ ኮኔቲከት የተወለደ ሰው ነው፣ ከ1880 እስከ 1897 ተጫወተ፣ በአንድ ሲዝን ከ17 በላይ መትቶ አያውቅም፣ ስለዚህ በአንድ አመት ቁጥር ብቻ ከፈለጋችሁት አታገኙትም። ግን በየአመቱ ይመታል፣ ሳያቋርጥ። በ1881 ለትሮይ ሲጫወት ቡድኑ በሶስት ተበልጦ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሶስቱም ቤዝ ላይ ጓደኞቹ ቆመው ሆም ራን መትቶ አሸነፉ፣ የናሽናል ሊግ የመጀመሪያው ግራንድ ስላም ነው። በ1886 ኒውዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ላይ ኳሷን ከቀኝ አጥር ውጪ መንገድ ላይ አወጣት፣ በቦታው የነበሩ የስቶክ ኤክስቼንጅ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የወርቅ ሰአት ገዙለት። በ1895 የሀሪ ስቶቪን ቁጥር አልፎ በህይወት ዘመን ሆም ራን አንደኛ ሆነ፣ ሲያቆም 138 ነበረው፣ ትሪፕሉ 233።

ታድያ ይሄን ማን አወቀ? ማንም! የወርቅ ሰአት የሸለሙት ሰዎች አንድ ምት አይተው ነው፣ ጠቅላላ ድምሩን ግን ቁጭ ብሎ የደመረ አልነበረም፣ ምክንያቱም የሆም ራን ጠቅላላ ድምር ማንም የሚጠይቀው ነገር አልነበረም። ታዋቂው የያንኪስ መቺ ቤብ ሩት በሀምሌ 18 ቀን 1921 ዲትሮይት ላይ 139ኛውን ሲመታ የኮነር 24 አመት የቆየ... እንደውም ከ1895 ጀምሮ ብንቆጥር 26 አመት የቆየ ቦታ ተወሰደ፣ ጋዜጣ ላይ ስለዚህ የወጣ ነገር የለም፣ ኮነር ደሞ በህይወት ነበር፣ ገና አስር አመት ሊኖር። በ1931 ሞተ። መቃብሩ ላይ እስከ 2001 ድረስ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረም። ሀንክ አሮን በሚያዝያ 1974 የሩትን 714 አልፎ 715ኛውን ሲመታ ነው ሰዎች "እሺ፣ ሩት ራሱ ያለፈው የማንን ነበር?" ብለው በስፋት መጠየቅ የጀመሩት፣ ከዛ ኮነር ተገኘ፣ በ1976 ሆል ኦፍ ፌም፣ ማለትም የቤዝቦል ታላላቆች የክብር ቦታ፣ ገባ፣ ቁጥሩ ራሱ ግን ለረጅም ጊዜ ከመጽሀፍ መጽሀፍ ይለያይ ነበር። እኔ ስለ ኮነር ሳስብ የሚከነክነኝ በህይወት እያለ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ "ጋሼ፣ የአገሩን ሁሉ አንደኛ የነበሩት እርስዎ ኖት እኮ" ሊለው ይችል እንደነበር ነው። ሰንጠረዦቹ ሁሉ በየጋዜጣው ታትመው ተቀምጠው ነበር፣ የሚደምር ሰው ነው የጠፋው።

በነገራችን ላይ ሁሉም ሰው ዝም አላለም። ቤዝቦል ማጋዚን ላይ አዘጋጅ የነበረው ኤፍ ሲ ሌን በ1916 ባቲንግ አቨሬጅን ክፉኛ የተቸ ጽሁፍ ጻፈ። ኪስህ ውስጥ ስንት ብር አለህ ተብሎ ሲጠየቅ የሳንቲሙን ብዛት ብቻ የሚናገር ሰው ምን ነገረን ማለት ነው፣ አስር ሳንቲምም ሀምሳ ሳንቲምም እኩል አንድ ፍሬ ነው እንደማለት ነው አለ። ለማሳያ የወሰደው የብሩክሊኑን ጄክ ዳውበርትንና የፊላደልፊያውን ጋቪ ክራቫትን ነው። በ1915 ዳውበርት 0.301 ነበር፣ ክራቫት 0.285፣ በአቨሬጅ ከሄድን ዳውበርት ይበልጣል። ግን ዳውበርት 2 ሆም ራን ነው የመታው፣ ክራቫት 24! ክራቫት 149 ምት ሲኖረው ከዛ ውስጥ 87ቱ ብቻ ናቸው ሲንግል፣ 31 ደብል፣ 7 ትሪፕል፣ የቀረው ሆም ራን፣ በቤዝ ስትቆጥሩት 266 ቤዝ ይሆናል፣ ይሄን ዱላ ይዞ ለቆመበት 522 ጊዜ ስታካፍሉት 0.510 ይመጣል። ይሄ ነው ስላጊንግ የሚባለው፣ የጉልበት ቁጥር። ሀሳቡ ድሮም ነበር፣ ቻድዊክ ራሱ በጠቅላላ ቤዝ የመቁጠር ነገር ገና በ1860ዎቹ ሞካክሯል፣ ናሽናል ሊግ ግን በይፋ የያዘው በ1923 ነው፣ አሜሪካን ሊግ እስከ 1946 ቆየ። ሩት 59 ሆም ራን ከመታ ከሁለት አመት በኋላ ማለት ነው የመጀመሪያው ሊግ የተቀበለው፣ ህዝቡ ሁሉ አይቶ ከጨረሰ በኋላ።

እርግጥ ክራቫትም የአጥር ጥያቄ አለበት። የፊላደልፊያው ቤከር ቦውል በቀኝ በኩል 280 ጫማ ገደማ ብቻ ነበር፣ በ1914 የመታቸው 19ኙም ሆም ራኖች በሜዳው የተመቱ ናቸው። ግን ልዩነት አለ፣ በ1884 ቺካጎ አራት ሰው ከ20 በላይ መታ፣ አጥሩ ለሁሉም ሰራ። በ1915 ግን ከክራቫት ቡድን ውስጥ የሱን ግማሽ እንኳን የመታ አልነበረም፣ በሊጉ ሁለተኛ የወጣው 13 ነው ያለው፣ ደሞ ክራቫት በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ስለሆነ ወደዛ አጥር ለመምታት ከተፈጥሮ አቅጣጫው በተቃራኒ መምታት ነበረበት። ስድስት ጊዜ ሊጉን በሆም ራን መርቷል። ስለዚህ የዊሊያምሰን 27 አብዛኛው የአጥሩ ነው፣ የክራቫት 24 አጥሩም ሰውየውም አሉበት ባይ ነኝ።

የሩት 714 ራሱ በህግ የተቆረጠች አንዲት ምት አላት። እስከ 1920 ድረስ ጨዋታውን የሚጨርስ ምት ከሆነ የማሸነፊያዋ ነጥብ እስክትገባ ያለው ቤዝ ብቻ ነበር የሚቆጠረው። በሀምሌ 8 ቀን 1918 ቦስተን ላይ በ10ኛው ዙር ሩት ኳሷን ከሜዳ አስወጣት፣ ጓደኛው አንደኛ ቤዝ ላይ ስለነበር ትሪፕል ተብላ ተመዘገበች። በ1960ዎቹ መጨረሻ መዝገቡን የሚያጠራው ኮሚቴ እንደዚህ አይነቶቹን ሆም ራን እንበላቸው ብሎ ወስኖ ነበር፣ ሩት 715 ሊሆን፣ ከዛ ሀሳባቸውን ቀየሩ። እኔ መቀየራቸውን እደግፋለሁ፣ በጨዋታው ሰአት የነበረው ህግ ነው የሚገዛው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ዋሽንግተን የምትኖሩ ሁላችሁም የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከዩ ስትሪትና ከ9ኛው መንገድ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም ሳይርቅ። ስንቶቻችን እዛ ወልደናል፣ ስንቶቻችን እዛ ሰርተናል። ያ ቦታ ከ1891 ጀምሮ የቤዝቦል ሜዳ ነበር። አብሮኝ ይሰራ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው መጀመሪያ የነገሩኝ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ መቺዎቹ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ምልክት አለው፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በ1899 እዛ ሜዳ ላይ ለዋሽንግተን ይጫወት የነበረው ባክ ፍሪማን 25 ሆም ራን መታ፣ በሊጉ ሁለተኛ የሆነው 12 ነው የመታው። 25 ሆም ራን፣ በዛ ላይ 25 ትሪፕል፣ ስላጊንጉ 0.563። የሌክፍሮንት ፓርክን አጥር ያስታወሱ ሰዎች እውነተኛው ሪከርድ የፍሪማን ነው ይሉ ነበር፣ እኔም እንደዛ ነው የማምነው፣ ከሊጉ ሁለተኛውን ከእጥፍ በላይ መምታት አጥር የሚሰጥህ ነገር አይደለም። በዛው አመት መጨረሻ ናሽናል ሊግ ከ12 ወደ 8 ቡድን ሲቀነስ ዋሽንግተን ወጣች፣ ፍሪማን ወደ ቦስተን ሄደ፣ በ1903 ደሞ አሜሪካን ሊግን በ13 ሆም ራን መራ፣ በሁለቱም ሊግ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ዋሽንግተናዊ ብዙ አላጋጠመኝም።

በ1919 ቤብ ሩት የአንድ ሲዝን ሪከርዱን ሲያሳድድ ጋዜጦቹ መጀመሪያ ይዘው የነበረው የፍሪማንን 25 ነው፣ ያንን ሲያልፍ የዊሊያምሰን 27 ከድሮ መዝገብ ተቆፍሮ ወጣ፣ እሱንም አለፈው። የመጨረሻውን፣ 29ኛውን፣ በመስከረም 27 የመታው የት ነው? እዛው ዋሽንግተን፣ በ1911 ተቃጥሎ እንደገና በተሰራው ሜዳ፣ ፍሪማን የመታበት ቦታ ላይ። በሚቀጥለው አመት ሩት 54 መታ፣ ከራሱ ከያንኪስ በስተቀር በአሜሪካን ሊግ ውስጥ ከየትኛውም ሙሉ ቡድን በላይ። በዛው በ1920 መትፋት ተከለከለ፣ ንጹህ ኳስ ቶሎ ቶሎ መቀየርም ተለመደ፣ የድሮው ጨዋታ አበቃ።

ያ ሜዳ ግን ሌላም ሰው አስተናግዷል። በ1940ዎቹ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን እዛ ይጫወት ነበር፣ ጆሽ ጊብሰን ዱላ ይዞ እዛ ነበር የሚቆመው፣ ግራው 400 ጫማ ያህል የሚርቅ ሜዳ ላይ፣ የሌክፍሮንት ፓርክን እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጊብሰን በ1947 በ35 አመቱ ሞተ፣ ነጮቹ ሊግ ውስጥ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት። በግንቦት 2024 ሁለቱን ትልልቅ ሊጎች የሚመራው ሜጀር ሊግ ከ1920 እስከ 1948 ያሉትን የኔግሮ ሊጎች፣ ማለትም የጥቁሮቹን ሊጎች፣ ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር ሲቀላቅል የህይወት ዘመን ስላጊንግ አንደኛነት ከሩት 0.690 ወደ ጊብሰን 0.718 ተዛወረ። በ1937 ብቻ 0.974 ነው ያለው። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ "ፖለቲካ ነው" ይላል። ፖለቲካው እኮ በፊት የነበረው ነው፣ አሁን የተደረገው መደመር ነው፣ ለኮነር እንደተደረገው። ለኮነር ሲደረግ ማንም አልተቆጣም።

ስራው ግን ገና አላለቀም፣ ምክንያቱም የተቀላቀለው የጥቁሮቹ መዝገብ የሚጀምረው ከ1920 ነው። ፍራንክ ግራንት የሚባል ጥቁር ተጫዋች ነበር፣ በ1887 ኢንተርናሽናል ሊግ ውስጥ ለቡፋሎ ሲጫወት በሆም ራን ሊጉን መራ፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የሚጫወት ረጅም ያልሆነ ሰው። በዛው አመት ሀምሌ ላይ፣ እሱ በጫፍ ላይ እያለ፣ የሊጉ ባለቤቶች ተሰብስበው ከዚህ በኋላ ለጥቁር አዲስ ኮንትራት አንሰጥም ብለው ድምጽ ሰጡ። ግራንት ከ1889 ጀምሮ በአብዛኛው እንደ ኩባን ጃይንትስ ባሉ የጥቁር ፕሮፌሽናል ቡድኖች ነው የተጫወተው፣ እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ። በ2006 ሆል ኦፍ ፌም አስገቡት። ዋናው ሰንጠረዥ ላይ ግን ከዊሊያምሰን፣ ከኮነር፣ ከፍሪማን እኩል ዘመን ኖሮ፣ የሱ መስመር የለም፣ ዜሮ እንኳን አይልም። የኩባን ጃይንትስ ጨዋታዎች ውጤት በየትናንሽ ከተማው የድሮ ጋዜጣ ላይ ተበታትኖ ነው ያለው፣ የተወሰነው በየቤተ መጻህፍቱ በማይክሮፊልም አለ፣ በፈቃደኝነት እየፈለጉ የሚደምሩ ሰዎች አሉ፣ ጊዜ ያለው ሰው ቢያግዛቸው ጥሩ ነው።